በርሜሎቹ ያልሰሙት ስም

በሮሽብሩን ሰው ሁሉ ወይን ይተክላል፣ ሰው ሁሉ ወይን ጠጅ ይጥላል። የማንኛው ጥሩ እንደሆነ የሚፈርደው ግን የኦኖሪን ቫላ ምላስ ነበር። እሷ አንድ ግንድ ወይን የላትም። ያላት አንድ አሮጌ መኪና፣ አንድ የመስታወት መቅጃ ቱቦና ከሽርጧ ኪስ የማይጠፋ አንድ ፖም ነው። ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ሮን በሚባለው ወንዝ ዳር ባሉት ዳገታማ እርከኖች ሥር ከቤት ቤት እየዞረች፣ ከየበርሜሉ እየቀዳች ሲራ ከሚባለው ወይን የተጣለውን የዓመቱን ቀይ ጠጅ ትቀምሳለች። ከዚያ ለሊዮን ነጋዴዎችና ምግብ ቤቶች ቃሏን ትልካለች። ቃሏም አጭር ነው፦ «ውሰደው»፣ «ተወው»፣ ወይም «ይቆይ»።

አባቷ በርሜል ሠሪ ነበር። ልጅ ሳለች ገና ክዳን ያልገጠመ በርሜል ውስጥ ገብታ ትደበቅ ነበር፤ ማሽተትን የተማረችው እዚያ ነው። ባሏ የወይን ጠጅ ደላላ ነበር። እሱ በወጣትነቱ ሲሞትባት ሥራውን እሷ ልትቀጥል ተነሣች። ወንዶቹ ሳቁ። «ሴት ከንፈሯን ቀብታ መጥታ ምን ልትቀምስ ነው?» አሉ። ከንፈሯን አልቀባችም። ሽቶ አልነካችም። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀረ፤ እንጀራዋም ከዚያው ወጣ። ማታ ማታ ስትጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ለሌላው እጅ ሰጠኸው፣ ለእኔ ምላስ፤ እንዳልዋሽበት ጠብቀኝ» ትላለች።

«ሲገዙ በፖም፣ ሲሸጡ በአይብ» ይላሉ የዚያ አገር ሰዎች። ፖም የወይን ጠጁን ጉድ ያወጣል፤ አይብ ግን ጉድለቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ኦኖሪን ደጃፍ ላይ ስትደርስ ባለቤቶቹ የፍየል አይብ ይዘው ይቀበሏታል፤ እሷም ሳትነካው ፖሟን ገምጣ ትወርዳለች። በዚህ ጨዋታ እንደ ፊርሜን ጉታሬል የሚያስቸግራት አልነበረም።

«ኦኖሪን፣ ከዚች አይብ ቅመሺ፤ ፍየሏን በስምሽ ነው የምጠራት።»

«እንግዲያው ፍየሏም ከወይንህ ተሽላለች ማለት ነው። አይብህን ለሞኝ አቅርብ።»

«አንድ ቀን ከዚህ ቤት ትበያታለሽ!»

«ያን ቀን ወይ አንተ ሞተሃል፣ ወይ እኔ አብጃለሁ።»

ይስቁ ነበር። ፊርሜን የባሏ ጓደኛ ነበር፤ የፊርሜን ልጅ ሶላንጅ ደግሞ የኦኖሪን የክርስትና ልጅ ናት።

ፊርሜን በጥር፣ የወይን ገበሬዎች ጠባቂ በሆነው በቅዱስ ቪንሰንት በዓል ዋዜማ ሞተ። ወይኑን እየገረዘ ሳለ እርከኑ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ አልተነሣም። መቀሱ ገና ባልተገረዘ ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

በሮሽብሩን የወይን ጌታ ሲሞት የሚደረግ ሥርዓት አለ። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ከልጆቹ አንዱ የወይን ጉቶ ይዞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እያንዳንዱን በርሜል ያንኳኳና «ጌታችሁ ሞቷል» ይለዋል። ቀጥሎ «ከእንግዲህ ጌታችሁ እገሌ ነው» ብሎ ስም ይጠራል። ይህ ካልተደረገ ወይኑ ልቡ ይሰበራል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። የደብሩ ቄስ አባ ሬጂስ ይህን ነገር አይነቅፉትም፣ አያመሰግኑትምም። ኦኖሪን አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው «ልጄ፣ በርሜል ማናገሩ ኃጢአት የሚሆነው ከእግዚአብሔር አስቀድመሽ ካናገርሽው ነው» አሏት።

የቀብሩ ዕለት ኦኖሪን መቁጠሪያዋን ይዛ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ሳለች ሶላንጅ ጉቶውን ይዛ ስትወርድ አየቻት። ከወለሉ ሥር የማንኳኳቱ ድምፅ አንድ በአንድ ተሰማ። ልጅቱ ብዙ ዘመን የኖረችው ሊዮን ከተማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀጥራ ነው፤ የአባቷን ወግ አለመርሳቷ ለኦኖሪን አጽናኝ ሆነላት።

ብርዱ አልፎ የመቅመሻው ጊዜ ሲደርስ ሶላንጅ አስጠራቻት። ኦኖሪን ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ አይብ ቀርቦ ነበር።

«አንቺም ጀመርሽ?» አለች ኦኖሪን እየሳቀች።

«አባቴ ያቀርብ ስለነበር ነው፣ ክርስትና እናቴ። እንደማይበሉትማ አውቃለሁ።» ሶላንጅ ግን አልሳቀችም። «ልደብቅዎ አልችልም። ዳገቱን ለቤት መሥሪያ የሚፈልግ ሰው መጥቷል። ከፋሲካ በኋላ ፈርሚ ብሎኛል። የሊዮኑ ባለ ምግብ ቤት ሙሴ ቡቪዬ እንደ ድሮው የአባቴን ወይን ጠጅ በሙሉ ከወሰዱልኝ ግን ለሚቀጥለው ዓመት መቆያ ይሆነኛል፤ ዳገቱን አልሸጥም። ካልወሰዱ እዚህ መተዳደሪያ የለኝም። እሳቸው ደግሞ የሚጠብቁት የእርስዎን ቃል ነው።»

«የምቀምሰው ወይኑን ነው እንጂ አንቺን አይደለም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ነገር አልለመንኩዎትም።»

ኦኖሪን ፖሟን ገምጣ ወረደች። የቀትር ፀሐይ ከደጅ ቀርታ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የነበረው ብርሃን የሶላንጅ ሻማ ብቻ ነው። በርሜሎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ኦኖሪን የመጀመሪያውን ውታፍ ነቀለችና ቱቦዋን ልትሰድ ስትል እጇ ቆመ።

በርሜል እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥር ወይኑ ይጎድላል። ስለዚህ የወይን ጌታ በየሳምንቱ ዳሞጃን ከሚሉት ትልቅ የመስታወት ገንቦ እየቀዳ የጎደለውን ይሞላል። ፊርሜን ከሞተ ብዙ ሳምንታት አልፈዋል፤ በርሜሉ አንድ ስንዝር መጉደል ነበረበት። ወይኑ ግን ከውታፉ ቀዳዳ አፍ ድረስ ሞልቶ፣ የሻማው ብርሃን ላዩ ላይ እንደ ዓይን ያበራል።

«ጎበዝ፣ እየሞላሽ ነው» አለች ኦኖሪን።

«ምኑን?»

«በርሜሉን ነዋ!»

«እኔ? እኔ ከቀብሩ ወዲህ ውታፍ አልነካሁም።»

ኦኖሪን ሁለተኛውን ነቀለች። ሞልቷል። ሦስተኛውም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም ሁሉ ሙሉ ናቸው። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም፣ አንዲት ጠብታ አልጎደለም። በጥግ በኩል የፊርሜን ዳሞጃን ቆሟል። በሞተ ጊዜ ሙሉ የነበረው አሁን ከግማሽ በታች ነው። አጠገቡ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የመሙያ ማንቆርቆሪያው ተደፍቷል። ኦኖሪን አነሣችው። ከሥሩ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነበር።

 ኦኖሪን አማተበች፤ ከዚያ ሥራዋ ነውና ቀድታ ቀመሰች።

ምንም የለም። የኮመጠጠ ቢሆን ታውቀው ነበር፤ የሻገተም ቢሆን ታውቀው ነበር። ይህ ግን እንደ ውሃ ነው። ገና ለጋ የሆነ ሲራ ምላስ ላይ መሻከር፣ ጥርስ ላይ መያዝ ነበረበት፤ ቁንዶ በርበሬው አፍንጫ መኮርኮር ነበረበት። ቀለሙ እንደ በሬ ደም ጠቁሯል፤ ግን ጣዕም የለውም፣ ሽታም የለውም። ፖሟን ደግማ ገመጠች። ምላሷ አልሞተም፤ ፖሙ ፖም ነው። ከሁለተኛው ቀመሰች፣ ከሦስተኛው ቀመሰች። ሁሉም ዝም አሉ። ወይኑ አፏ ውስጥ እያለ አንድ ነገር ተሰማት፦ ሰዎች እየተጫወቱ ካሉበት ክፍል ስትገባ ሁሉም ድንገት ዝም ብለው ወደ በሩ እንደሚያዩት ዓይነት ዝምታ። የሚያዩት ግን እሷን አልነበረም፤ ሻማ የያዘችውን ልጅ ነበር።

«ሞቷል?» አለች ሶላንጅ።

«አልሞተም። እየጠበቀ ነው።»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለችና ፈጥና ወጣች። 

ደጅ ላይ ባቲስት ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው ከፊርሜን ጋር ወይን ሲገርዝና ሲለቅም ያረጀ የጎረቤት ሽማግሌ ነው። ኦኖሪን በርሜሎቹን እየሞላ ያለው እሱ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ?» አለ ባቲስት። «እኔን ምድር ቤት ብታስገቡኝ በርሜሉ ይጎድላል እንጂ መቼ ይሞላል! ደግሞስ ቁልፉ ከልጅቱ ወጥ ቤት ሚስማር ላይ ነው የሚውለው። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ምንም አይደል።»

«ፊርሜን ነው አይደል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የቀትር ደወል ሲደወል በዚህ መስኮት በኩል የመቅዳት ድምፅ ሲንቆረቆር እሰማለሁ። ድሮም የሚሞላው በዚያ ሰዓት ነበር። ለልጅቱ አልነገርኳትም። የሰከርኩ ይመስላታላ!»

«ሰክረህ ነበር?»

«ቅዳሜ ቀትር ላይ? ገና ነኝ!»

ሶላንጅ ግን ከበሩ ሥር ቆማ ሰምታ ኖሯል። «እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሊዮን ስመጣ ሰምቼዋለሁ» አለች። «አይጥ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።»

በማግስቱ ጧት ሙሴ ቡቪዬ ከሊዮን ስልክ ደወሉ። ትልቅ ምግብ ቤት አላቸው፤ ድምፃቸው ሁልጊዜ እሳት ላይ ድስት ጥደው የመጡ ይመስላል።

«ማዳም ቫላ! የፊርሜንን ቀመሱት?»

«ቀምሻለሁ።»

«እህስ? ልውሰደው?»

ኦኖሪን ቀፎውን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው። «ውሰደው» ብትል ሰውየው ሳይቀምሱ ይወስዳሉ፤ ሃያ ዓመት ያደረጉት ይህንን ነው። የክርስትና ልጇ ትተርፋለች፣ ዳገቱ ይተርፋል። ምናልባት ወይኑ በጠርሙስ ውስጥ ይናገር ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ግን የማታውቀውን አውቃለሁ ብላ አታውቅም።

«ሙሴ ቡቪዬ፣ ከፋሲካ በኋላ ልንገርዎ።»

«ምን? እርስዎ? አንድ ጉንጭ የሚበቃዎት ሰው? በሽታ አለበት እንዴ?»

«እስከ ፋሲካ ይታገሱኝ።»

«ከፋሲካው ሳምንት አያልፍም፤ ሌላ ቦታ እየጠየቁኝ ነው» አሉና ዘጉት።

ኦኖሪን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከኋለኛው ወንበር ተንበረከከች። ብዙ ቃል አልነበራትም። «ጌታ ሆይ፣ የማልረዳው ነገር ገጥሞኛል፤ ያንተ ከሆነ አሳየኝ፣ ያንተ ካልሆነ አርቅልኝ» አለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የቀብሩ ዕለት ከወለሉ ሥር የሰማችው ድምፅ ትዝ አላት። ማንኳኳቱን ሰምታለች። ቃሉን ግን አልሰማችም።

ወጥታ በቀጥታ ሶላንጅ ዘንድ ሄደች። ልጅቱ እርከኑ ላይ፣ አባቷ የሞተበት ቦታ ቆማ ነበር። መቀሱ እስካሁን እግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዝጓል። ከዚያ ወዲህ ያለው ረድፍ አልተገረዘም።

«ሶላንጅ፣ ያን ዕለት በርሜሎቹን ስታንኳኪ ምን አልሻቸው?»

«የሚባለውን ነዋ።»

«ሁሉን?»

ሶላንጅ ጎንበስ ብላ አንድ ያልተገረዘ ቅርንጫፍ ያዘች። ከወንዙ በኩል የሚመጣው ነፋስ መሐረቧን ያንገላታል።

«ጌታችሁ ሞቷል አልኳቸው» አለች። «ሁለተኛውን... አልቻልኩም። ክርስትና እናቴ፣ የሊዮን መመለሻ ቲኬቴ ኪሴ ውስጥ ነበር! ጌታችሁ እኔ ነኝ ብዬ ማታውኑ ባቡር ልሳፈር? የማንን ስም ልጥራ? ስለዚህ አንኳኩቼ፣ አንኳኩቼ ወጣሁ።»

ኦኖሪን እርከኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ገባት። ሞቱን ነገረቻቸው፤ የሚረከባቸውን ግን አልነገረቻቸውም። የሚረከበው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ያ ምስኪን ሰው ሥራውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም።

«አባቴ በእኔ ምክንያት ነው ያላረፈው?» ሶላንጅ ማልቀስ ጀመረች። «አሁኑኑ ወርጄ ስሜን ልናገር!»

«ቆይ!» ኦኖሪን ክንዷን ያዘቻት። «ከፋሲካ በኋላ የምትፈርሚ ከሆነ አትናገሪ። ለበርሜል ዋሽተሽ፣ አባትሽን አታለሽ፣ ወይኑ አፍ ቢያወጣ እንኳ እኔ ለማንም አልመክረውም። ሽጪው ብልሽም አትሽጪው ብልሽም ነገ ታዝኚብኛለሽ። የሚከብድ ነገር ነው፤ ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል፣ በረዶ አለ፣ በሽታ አለ። ሊዮን ሞቅ ያለ ክፍል አለሽ። መሸጥ ነውር አይደለም። ብቻ አንዱን ምረጪ።»

«ሙሴ ቡቪዬ ባይወስዱትስ?»

«ላይወስዱት ይችላሉ። እኔ ቃል አልገባልሽም።»

ሶላንጅ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።  ከዚያ ሄዳ የዛገውን መቀስ ከግንዱ ላይ አወረደች። ባቲስት ከታች ሆኖ እንዳየው፣ ያን ቀንም በማግስቱም ስትገርዝ ዋለች። ጊዜው ስላለፈ የተቆረጠው ሁሉ እንባ እንደሚያፈስ ዓይን ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። «እንደ ከተማ ሰው ነው የምትገርዘው» አለ ባቲስት ለኦኖሪን፤ «ግን አልቆመችም። አንዴ ደርሼ ‹ከሁለተኛው የቡቃያ ዓይን በላይ ቁረጪ፣ ወይኑን ልትላጪው ነው እንዴ?› ብላት ‹ዝም ብለህ አሳየኝ፣ አባባ ባቲስት› አለችኝ።»

በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ቀትር ሲቃረብ ሶላንጅ አባቷ ከሞተበት ግንድ አጠገብ የተነቀለ ጉቶ ይዛ መጣች። ኦኖሪን ደረጃው ሥር ቆማ ሻማውን ያዘችላት። የደብሩ ደወል መደወል ጀመረ። ደወሉ እንደቆመ፣ ከምድር ቤቱ ጥግ፣ ከዳሞጃኑ በኩል የመቅዳት ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን የሚጠነቀቅ ሰው አቀዳድ። ሻማው እስከዚያ አይደርስም። ኦኖሪን ልታበራ አልደፈረችም። አባታችን ሆይ ማለት ጀመረች።

ሶላንጅ የመጀመሪያውን በርሜል አንኳኳች።

«ጌታችሁ ፊርሜን ሞቷል» አለች። ጉቶውን ጨበጥ አድርጋ ቀጠለች። «ከእንግዲህ ጌታችሁ ሶላንጅ ጉታሬል ናት። ልጁ ነኝ። አልሄድም።»

ሁለተኛውን አንኳኳች፣ ሦስተኛውን አንኳኳች፤ ለእያንዳንዱ ሙሉውን ነገረች። የመቅዳቱ ድምፅ አልተቋረጠም። የመጨረሻው በርሜል ከዳሞጃኑ አጠገብ ስለሆነ ጨለማ ውስጥ መግባት ነበረባት። ገባች። ኦኖሪን የምታየው የሶላንጅን ጀርባ ብቻ ነው።

«...ልጁ ነኝ። አልሄድም» አለች ሶላንጅ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለበርሜሉ ሳይሆን፣ «ይበቃል፣ አባዬ። እኔ እሞላዋለሁ» አለች።

የመቅዳቱ ድምፅ ቆመ። ማንቆርቆሪያ ድንጋይ ላይ ሲደፋ ተሰማ፤ ኳ አለ፣ አንዴ ብቻ። ኦኖሪን ሻማውን ከፍ አድርጋ ገባች። ከሶላንጅ በቀር ማንም አልነበረም።

«አይቀምሱም?» አለች ሶላንጅ።

«ዛሬ አይቀመስም። ዛሬ የሚሄድ ሰው አለ፣ በሰላም እንሸኘው። እስክመጣም በርሜሎቹን እንዳትሞዪ።»

የሕማማቱን ሳምንት ኦኖሪን ምንም ሳትቀምስ አሳለፈችው፤ ልማዷ ነው። የትንሣኤው ሳምንት ሲያበቃ ፖሟን ይዛ መጣች። ሶላንጅ ከደረጃው ሥር እየጠበቀች ነበር።

ኦኖሪን ውታፉን ነቀለችና ጣቷን ሰደደች። ወይኑን አልነካችም። ጨምራ ሰደደች፤ ያኔ የጣቷ ጫፍ ረጠበ።

«ጎድሏል!» አለች ሶላንጅ ደንግጣ። «ተበላሸ?»

«ጎድሏል!» ኦኖሪን ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎድሏል! ማንም አልሞላውም፣ ልጄ። አረፈ።»

ቀዳች። ፖሟን ገመጠች፣ ቀመሰች። ወይኑ አፏ ውስጥ ተነሣ። አስቀድሞ የዱር አበባ ሽታ መጣ፣ ፀሐይ ያላየችው ጥላ ውስጥ የሚበቅለው ዓይነት። ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬና ጥቁር የወይራ ፍሬ ተሰሟት፤ በመጨረሻ ጥርስ ላይ የሚቀር፣ በዝናብ የታጠበ ድንጋይ የመሰለ ሻካራነት። የሚያስቸግር፣ ገና ጥርሱን የሚያሳይ ወጣት ነው። የፊርሜን ዳገት ነው። ከሁሉም በርሜል ቀመሰች፤ ሁሉም አፍ አውጥተዋል።

ከሶላንጅ ወጥ ቤት ሆና ወደ ሊዮን ደወለች።

«ሙሴ ቡቪዬ፣ ይውሰዱት። በሙሉ። ግን ይቆይ፤ ለቸኮለ ደንበኛ እንዳያቀርቡት፣ ይነክሰዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ ከተጠበሰ የፍየል ጠቦት ጋር ይክፈቱት፤ ያን ጊዜ ያመሰግኑኛል።»

«እና ይህን ያህል ያዘገዩኝ ለምን ነበር?»

«ባለቤቱን እየጠበቅሁ ነበር» አለችና ዘጋች።

ጠረጴዛው ላይ አይብ ነበር፤ ሶላንጅ ከልማድ ነው ያስቀመጠችው። ኦኖሪን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቆረሰች። ቃሏን ሰጥታለች፤ ከእንግዲህ የሚሸፈን ነገር የለም። «አሸነፍክ፣ አንተ ሽማግሌ» አለች ቀስ ብላ። «ፍየሏም ደህና ነበረች።»

ከወለሉ ሥር ሶላንጅ በርሜሎቹን እየሞላች ነበር። ኦኖሪን እያላመጠች አዳመጠች፦ ቀስ ያለ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን የሚጠነቀቅ አቀዳድ። ማንም አላስተማራትም። ሲያበቃ ማንቆርቆሪያው ድንጋዩ ላይ ተደፋ፤ ያው ድምፅ፣ አንዴ ብቻ። ኦኖሪን፣ ፊርሜን ይሆን እንዴ ብላ፣ አይቡን እንደያዘች አማተበች፤ የእግር ኮቴ ደረጃውን ወጥቶ የሶላንጅ ፊት በበሩ እስኪታይ ድረስም ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።